የእኔ ኩፍኝና የገመቹ ኩፍኝ

ዛሬ የሳይንስ መምህራችን ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ቆመው፣ «ከወላጆቻችን የምንወርሰው መልክ ብቻ አይደለም፤ በሽታ የምንቋቋምበት አቅምም ይወረሳል» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ሲጽፍ እኔ እርሳሴን አስቀመጥኩ። የአባቴ እህት አዳዳ ጫልቱና ያ የአርጆ መስከረም ትዝ አሉኝ።

ያኔ ገና ከአርጆ ወደ ነቀምቴ አልመጣንም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ገመቹ አንድ መደብ ላይ እየተኛን፣ ከአንድ ሳህን እየበላን፣ ኩፍኝም አብሮ ያዘን። እናቴ የጎጃም ሰው ናት፤ በአገሯ ወግ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ነፋስና ፀሐይ አይነካውም። መስኮቱን በነጠላ ጋርዳ አስተኛችን። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኜ ጎረቤት እሸት በቆሎ ሲጠበስ ይሸተኝ ነበር።

እኔ ብዙም ሳልቆይ ተነሥቼ «የተቀቀለ አንጮቴ በቅቤ ስጡኝ» ማለት ጀመርኩ። ገመቹ ግን ዓይኑን መግለጥ አቃተው፤ ሲተነፍስ ጎኑ ይሰረጉዳል። እናቴ እኔን እያየች ትጽናናለች። «እሷም እንዲሁ ነበረች፤ ነገ ይነሣል» ትላለች።

አዳዳ ጫልቱ ልትጠይቀን ከገጠር መጣችና ግንባሩን ዳሰሰች።

«ይሄን በእሷ አትለኪው» አለቻት እናቴን። «እሷ አንቺን ወጥታለች፤ ይሄ ግን አባቱን ነው የወጣው። የእኛን ቤት ልጅ ኩፍኝ አይምረውም። ሁለት ወንድሞቼን የቀበርነው በዚሁ ነው። ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ።»

«ነፋስ ቢመታውስ፣ እቴ?»

«ነፋሱን ለእኔ ተይው።»

ገበያው አጠገብ ጨው ያራገፈ ፊያት የጭነት መኪና ወደ ነቀምቴ ሊመለስ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። አዳዳ ገመቹን በጋቢ ጠቅልላ ስትወጣ ቀሚሷን ያዝኩ።

«አዳዳ፣ የያዘን በሽታ አንድ አይደለም እንዴ?»

«አንድ ነው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ያረፈበት ቤት ነው የተለያየው።»

መኪናው በጭቃው እየተንገዳገደ ሄደ። እናቴ ነጠላውን ከመስኮቱ አውርዳ፣ እስኪመለሱ ድረስ መንገዱን ስታይ ከረመች።

ሐኪሙ ሳንባው ታሟል ብለው መርፌ አዘው ኖሯል። ገመቹ ከስቶ፣ አንገቱ ቀጥኖ ተመለሰ። ገና ከአዳዳ ጀርባ ሳይወርድ፣ «አንጮቴውን ጨረስሽው?» አለኝ።

ዛሬ ይህን ሁሉ ሳስብ ቆይቼ እጄን አወጣሁ። «መምህር፣ ማን የማንን አቅም እንደወረሰ ከመታመሙ በፊት ይታወቃል?»

«እሱን ገና የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም» አሉ።

ደስ አለኝ፤ ለእኔ የተረፈ ሥራ አለ ማለት ነው። ቤት እንደገባሁ፣ ነቀምቴ ከመጣን በኋላ የተወለደችውን ጨቅላ እህቴን አገላብጬ አየኋት። አፍንጫዋ የእናቴ፣ ጆሮዋ የአባቴ። ከዚህ ምንም አይታወቅም።

«እማ፣ ኩፍኝ ከያዛት በእኔ እንዳትለኪያት» አልኳት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ እኔን የወጣሽ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ለካ አዳዳሽን ነው የወጣሽው።»