ለአባቴ ያጨበጨቡ ዕለት

በብርዱ ወራት ቶሮንቶ ገና ከትምህርት ሳንለቀቅ ይጨልማል፤ ልጅ ሳለሁ ዓርብን የምወደው ለዚያ ጨለማ ስል ነበር። የመጨረሻው ደወል ሲደወል ሌሎቹ ወደ በረዶው ይሮጣሉ፤ ወላጆቻችን ከሥራ እስኪወጡ የምንቆየው ልጆች ደግሞ ዩኒፎርማችንን እንደለበስን ወደ አሮጌው አዳራሽ እንገባለን። ከትምህርት ቤቱ ጸሎት ቤት ጋር የተያያዘ፣ ግድግዳው በጠቆረ እንጨት የተለበጠ፣ በወዲያኛው ጫፉ ምድጃ ያለው ሰፊ ክፍል ነበር። ያኔ በከተማው ውስጥ እንጨት የሚነድበት ቤት አይቼ ስለማላውቅ፣ የፍሙ ቅላትና ከልብሴ ላይ እስከ ቅዳሜ የማይለቀው የጢስ ሽታ ያ ትምህርት ቤት ብቻ ያለው ሀብት ይመስለኝ ነበር።

እሳቱ ዳር የሚቀመጡት ሚስተር ሃሎዌይ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ መለየቱ ስላላስቻላቸው ግን ዓርብ ዓርብ እየመጡ ያወሩልን ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሽማግሌ ነበሩ። የጣሪያውን መብራት ያጠፉና የጠረጴዛውን ብቻ ይተዋሉ። ከዚያ ትምህርት ቤቱን እንደ ሰው ያወሩታል፤ ሲወለድ፣ ሲታመም፣ ሲያገግም። አንድ የአንግሊካን ቄስ ወላጅ የሞቱባቸውን ወንዶች ልጆች ሰብስበው በራሳቸው ቤት ማስተማር እንደጀመሩ፣ የበረዶ ማዕበል በነበረበት ቀን በሩን ያንኳኳውን የማያውቁትን ልጅ «እዚህ ደጅ የደረሰ ልጅ አይመለስም» ብለው እንዳስገቡት ይተርኩልናል። ሁላችንም በጣም የምንወደው ግን የሴቶቹን ነበር። ትምህርት ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶች ሲቀበል ወንዶቹ በደረጃው ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ልጃገረዶቹ እየወጡ ሳለ መዝሙር ዘመሩላቸው ይሉናል። እኔ ያንን ስሰማ ሁልጊዜ ራሴን ከእነሱ መሐል አደርግ ነበር።

የምንኖረው ከከተማው ዳር ስካርቦሮ፣ አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ ነው። አባቴ ሊፍት ይጠግናል፤ እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ትምህርት ቤቱ በነጻ ሲቀበለኝ አባቴ ደብዳቤውን ከአንዴም ሁለቴ አንብቦ ዩኒፎርሙን ራሱ ተኮሰልኝ። እኔም ጠዋት በአውቶቡስና በምድር ውስጥ ባቡር እየሄድኩ፣ ማታ ከአባቴ ጋር እየተመለስኩ፣ በጸሎት ቤት የማላውቀውን መዝሙር ከሌሎቹ ጋር እያልጎመጎምኩ፣ ቀስ በቀስ የቤቱ ልጅ ሆንኩ። ቢያንስ እንደዚያ ይሰማኝ ነበር።

ሌላም ተራኪ ነበረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ አስቤዛ ሊገዛ የአበሻ ሱቆች ወዳሉበት ወደ ዳንፎርዝ መንገድ ሲሄድ ይወስደኛል፤ መኪና ሲነዳ ዓይን ለዓይን መተያየት ስለማያስፈልገን ነው መሰለኝ፣ ሌላ ቦታ የማያወራውን ያወራልኝ ነበር። ደርግ ወጣት እያፈሰ ወደ ጦር ሜዳ በሚልክበት ዘመን፣ እሱና ታናሽ ወንድሙ ተስፉ ከጎንደር ተነስተው በእግር ወደ ሱዳን ተጓዙ። ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ይተኛሉ፣ ሲመሽ ይሄዳሉ። ተስፉ በጣም ሳቂታ ነበር፤ ተደብቀው እንኳ አባቴን ያስቀው ነበር። አባቴ እዚህ ድረስ በደንብ ይናገርና ድንበሩ ሲቃረብ ድምፁ ይቀንሳል። «የቀረውን ሌላ ጊዜ» ይለኛል። በየሳምንቱ ግን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ይገፋ ነበር። እኔም እጠብቀው ነበር።

አንድ ዓርብ ሚስተር ሃሎዌይ እያንዳንዳችን ከቤታችን የሰማነውን እንድንተርክ ጠየቁን። ተራዬ ሲደርስ አባቴና ወንድሙ እኔ ከመወለዴ በፊት በእግራቸው ሱዳን ለመግባት መሄዳቸውን ነገርኳቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። ለማንም ገልጠው አያውቁም።

«አባትሽ ጀግና ነው» አሉኝ።

«ሊፍት ነው የሚጠግነው» ስላቸው ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ።

የትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል በዚያው ዓመት ተከበረ። የድሮ ተማሪዎች፣ ለጋሾች፣ ሐምራዊ ሸሚዝ የለበሱ ጳጳስ ሳይቀሩ መጡ። እናቴ ሺፍት ነበረባት። አባቴ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጥፍሩ ሥር የገባውን ግራሶ በብሩሽ ፈትጎ ፈትጎ መጣ። አዳራሹ ወይንና አይብ ይሸት ነበር፤ እሳቱ ከወትሮው በላይ ተቀጣጥሎ ሙቀቱና የሽቶው ብዛት ተደባልቆ አየሩ ወፍሮ ነበር። መብራቱ ተቀነሰ። ሚስተር ሃሎዌይ እንደ ዓርቡ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቄሱን ተረኩ። ማዕበሉን፣ ያንኳኳውን ልጅ ተረኩ። በደረጃው ላይ የተዘመረውን መዝሙር ተረኩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ፤ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ያ ደጅ ዛሬም ክፍት ነው» አሉ። «ይህች ልጅ ሕፃን ሳለች አባቷ በረሃውን በጀርባው ተሸክሟት ተሻገረ። እግሯ ጫማ አያውቅም ነበር። ረሃቡ ድምፅ ስላሳጣት ማልቀስ እንኳ አትችልም ነበር። እነሆ፣ እዚህ ቆማለች።»

ጫማዬን አየሁት። ጥቁር፣ አባቴ ጠዋት የወለወለው ጫማ ነው። የተወለድኩት እዚሁ ቶሮንቶ ነው። እናቴ እኔን ልትወልድ ምጥ ይዟት መኪናው በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ አባቴ ኮቱን ጎማው ሥር አንጥፎ እንዳወጣው ቤታችን በሳቅ የሚወራ ነገር ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ሰዎቹ ያለቅሱ ነበር። አንዲት ሴት የዓይኗ ኩል ጉንጯ ላይ ወርዶ እጇን ጸጉሬ ውስጥ ከተተች፤ ጣቶቿ በአይብ ወዝ ረጥበው ነበር። አንድ ሰውዬ እያኘከ እንባውን ይጠርጋል። እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የዞርኩ ያህል ቀፈፈኝ፤ ገላዬን መታጠብ አማረኝ።

«አባትየውም እዚህ አሉ» አሉ ሚስተር ሃሎዌይ።

አባቴ ተነሳ። እንግሊዝኛው ይከብዳል እንጂ ጥርት ያለ ነው።

«ይቅርታ» አለ። «የተሸከምኩት እሷን አይደለም።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። አባቴ አፉ ክፍት ነው፤ እጁን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጎ ትንፋሽ ሳበ። በዚህ ጊዜ ርዕሰ መምህሯ፣ ንግግሩ ያበቃ መስሏት ይሁን እንዳይቀጥል ፈርታ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ማጨብጨብ ጀመረች። ጳጳሱም ተከተሉ። ከዚያ ሁሉም ተነስቶ አጨበጨበ። አባቴ በጭብጨባው መሐል ትንሽ ቆመ፤ አፉን ዘጋ፤ ተቀመጠ። ያን ማታ ማንንስ ነው የተሸከምከው ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም።

ኮቴን ለመውሰድ ስሄድ ከዘራ የያዙ አሮጊት ልብስ መስቀያው ጋ ቆመው ያዩኝ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተማሪዎች አንዷ መሆናቸውን ነገሩኝ።

«ማንም አልዘመረልንም» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ ሳያደርጉ። «እዚሁ፣ እዚህ መስቀያ ላይ ኮታችንን ሰቅለን ስንመለስ ኪሳችን ውስጥ የበሰበሰ ዓሣ ከትተውበት አገኘን። እጄን ሳስገባው ፈረሰብኝ። ስንከስ ሂዱና ኮታችሁን እጠቡ ተባልን። ሁሉንም ለሃሎዌይ ነግሬዋለሁ።»

«ምን አሉዎት?»

«መዝሙሩ ይሻላል አለኝ።»

በሚቀጥለው ዓርብ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ሚስተር ሃሎዌይ ጋ ሄድኩና፣ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ቶሮንቶ መሆኑን ነገርኳቸው። አልደነገጡም። ፈገግ አሉ።

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ሰው ግን ልቡ ካልተነካ ደጁን አይከፍትም። ያንቺ ተረት ለስንት ልጅ ይተርፋል መሰለሽ!» አሉና ከቆርቆሮው ብስኩት ሰጡኝ።

በላሁት። ጥሩ ብስኩት ነበር። ጣዕሙ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ተፍቼ እረሳቸው ነበር። እሳቸው ግን እያንዳንዳችንን በስም የሚያውቁ፣ ስናስነጥስ መሐረብ የሚያቀብሉ ደግ ሰው ነበሩ። ውሸቱንም ያወሩት በዚያው በደግ ድምፃቸው ነው፤ እኔን ያስጸየፈኝም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ላይብረሪ እየተቀመጥኩ አባቴን መጠበቅ ጀመርኩ። የእሳቱ ሽታ በኮሪደሩ እስከዚያ ይመጣል፤ ተነስቼ በሩን እዘጋዋለሁ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ርዕሰ መምህሯ ቤት ደወለች። እሁድ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ «ታሪኬን» እንዳነብ ፈልገዋል፤ ጽሑፉም ተዘጋጅቷል። አባቴ ስልኩን ይዞ ወጥ ቤት ቆሞ ለረጅም ጊዜ አዳመጣት። ነጻ ቦታዬን ልትወስድብኝ ትችላለች፤ እሱም ይህን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«ልጄን የላክኋት እንድትማር ነው» አለ በመጨረሻ። «ለሌላ ነገር አልላክኋትም።» ስልኩን ዘጋ።

አላስወጡኝም። እዚያው ጨረስኩ። ሒሳብና ሳይንስ በደንብ ያስተማሩኝ መምህራን ነበሩ፣ እሱን አልክድም። በየዓመቱ ግን ለለጋሾችና ለወላጆች በሚላከው መጽሔት ላይ በረሃ የተሻገረችው ስም የለሽ ሕፃን ትወጣ ነበር፤ አንዴማ ግመልም ጨምረውላታል። መጽሔቱን ከፖስታ ሳጥኑ አውጥቼ እናቴ ሳታየው ቆሻሻ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ከዚያ እጄን እታጠባለሁ።

እኔን የጎዳኝ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ከዚያ ማታ በኋላ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ውስጥ ሬዲዮ መክፈት ጀመረ። ዜናው፣ የመንገዱ ሁኔታ፣ የአየሩ ጠባይ። አንድ ቀን ሬዲዮውን ዝቅ አድርጌ «ተስፉስ? ከዚያስ ምን ሆነ?» አልኩት። «ተይው፣ ልጄ» አለኝና መልሶ ከፍ አደረገው። እኔም ተውኩት። ልጅነቴ እንደዚያው አለቀ።

ካቻምና በብርዱ ወራት ነው። አሁን መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ፤ አባቴን ለጉልበቱ ሐኪም ጋ ወስጄው ስንመለስ በረዶ እየጣለ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ነበር። ሬዲዮ አልተከፈተም። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «አባዬ፣ ማንን ነበር የተሸከምከው?» አልኩት።

ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ተስፉን ነዋ» አለ። «እግሩን ቆስሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ መራመድ አቃተው። አዘልኩት። ሱዳን ሳንደርስ ጀርባዬ ላይ ሞተ። ከሞተም በኋላ ተሸክሜው ሄድኩ። ለጅብ ልተወው?»

ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ እያደረገ ነበር። መንገዱ ተከፍቷል። መንዳት አልቻልኩም።

«ለምን ሳትነግረኝ ኖርክ?»

«ያን ዕለት፣ ትምህርት ቤትሽ፣ ልናገረው ነበር» አለኝ። «ለእናትሽ እንኳ አልነገርኳትም። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ብሎ ሲያየኝ፣ እንግዲህ ዛሬ ይውጣልኝ ብዬ ተስፉ ብዬ ልጀምር ስል አጨበጨቡ።» ከዚያ እጁን ወደ ፊት ጠቆመ። «ንጂ እንጂ፣ ሰው እያስቆምሽ ነው።»

ነዳሁ። አባቴ እስከ ቤት ድረስ ስለ ተስፉ አወራልኝ፤ ስለ አሳሳቁ፣ ሲሄድ ስለሚያፏጨው ፉጨት፣ ስለቀበረበት የዛፍ ሥር። በእንግዳ ቋንቋ ሳይሆን በገዛ ቋንቋው፣ ማንም ሳያቋርጠው ጨረሰው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ከደስታው ሥር ያ የጥንቱ ማቅለሽለሽ አለ፤ ስንት ቅዳሜ፣ ስንት ዓመት ሊያወራልኝ ይችል የነበረ ሰው ሬዲዮ ሲያዳምጥ መኖሩ። ዛሬ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ሰው ለተናጋሪ ሲያጨበጭብ እኔ እጄን ቶሎ አላነሳም። መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ፤ የሚናገረው ሰው በእርግጥ ጨርሶ አፉን መዝጋቱን።