የተፈታው ቋጠሮ

አንድ ነገር ፈልጋችሁ ጓዳ ከገባችሁ በኋላ ምን እንደነበረ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? ዛሬ እኔ የትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት ገብቼ እንዲሁ ቆሜ ቀረሁ። ውጭ ከተሰጣው የዘበኛው ጋቢ የእንዶድ ሽታ በመስኮት ገባና ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ደባርቅ ወሰደኝ።

አያቴ አንድ ጉዳይ እንዳይረሱ የጋቢያቸውን ጫፍ ይቋጥሩ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ጋቢውን በእንዶድ ስታጥብ ቋጠሮውን ፈታችው።

«ምነው ልጄ! የዛሬ ጉዳይ ነበረበት እኮ!» አሉ ደንግጠው።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። እኔም እንዶዱን በእጄ ይዤ እንዶድ ስፈልግ ነው ያረፈድኩት።»

«አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ከረሳሽ፣ በእኔማ ምን ይፈረዳል!» ብለው ሳቁ። ከዚያ እርጥቡን ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጣሉና «ጋቢው ታጠበ እንጂ ቦታው አልታጠበ» አሉ።

እጄን ይዘው ገበያው ዳር፣ ቋጠሮውን ወደቋጠሩበት ወይራ ሥር ወሰዱኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫፉን እንደገና ቋጠሩ። ወዲያው ብድግ አሉ።

«ለታሰረው ለጎረቤታችን ልጅ ዋስ እሆናለሁ ብዬ ለእናቱ ቃል የገባሁት እዚህ ነው! ዛሬ ካልደረስኩ እስር ቤት ሊከርም ነው!»

ደረሱ። ልጁ ማታ ከእናቱ ጋር እራቱን በላ።

አባባላቸው ያኔ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ግን ወደ ክፍሌ ተመልሼ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ስቆም ትዝ አለኝ፤ የፈለግሁት ጠመኔ ነበር። እናንተም ስትረሱ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ሐሳቡ ወደመጣላችሁበት ቦታ ተመልሳችሁ ቁሙ። እስቲ ዛሬውኑ ሞክሩት።