ለሚስቱ የማይሆን ደም

ኪዳኔ ስትሪፕ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ እኔ በምሠራበት ካዚኖ ቫሌት ነው። እንግዳ ቢጮህበት እንኳ "እሺ ጌታዬ" ብሎ መኪናውን ፓርክ የሚያደርግ፣ ነገር የማይወድ ሰው። ሚስቱ ሊን ቻይናዊት ናት፤ እዚያው ካርታ የምታድል ዲለር ነበረች። ሲያገባት ዘመዶቹ "የአገር ልጅ ጠፍቶ ነው?" ብለው አኮረፉ። ሐሴት ስትወለድ ግን ልጅ ለማየት ተሽቀዳደሙ። ወይ ሰው!

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ መጀመሪያ ላይ ሊን ጨጓራዋ ደምቶ ሆስፒታል ገባች። በኮቪድ ምክንያት ጠያቂ ስለማይገባ እኔና ኪዳኔ ግቢው ውስጥ መኪናችን ላይ ሆነን ስልክ እንጠብቅ ነበር። ሐኪሙ ደወለና፣ ደም ያስፈልጋታል፣ የሚስማማት ግን እንደ ልብ አይገኝም አለ።

ኪዳኔ እጅጌውን እየሰበሰበ ዘሎ ወረደ።

"የኔን ውሰዱ!"

በኛ አገር ሰው ሲታመም ደም የሚሰጠው ዘመድ አይደል?

"ያንተንማ በፍጹም" አለ ሐኪሙ።

እንዳስረዳን ከሆነ፣ ሊን ሐሴትን ስትወልድ የልጅቷ ደም ወደ እናትየው ገብቷል። ሐሴት ከአባቷ የወረሰችው፣ ሊን ግን የሌላት ነገር ስላለበት፣ የሊን ሰውነት ያንን የሚያጠቃ መከላከያ ሠርቷል። ብዙ ቻይናውያን ያ ነገር በደማቸው የለም፤ እዚህ ደም ከሚሰጠው ሰው አብዛኛው ግን አለው።

"ያንተን ብንሰጣት ሊገድላት ይችላል።"

ኪዳኔ ስልኩን እንደያዘ አስፋልቱ ላይ ዝርፍጥ አለ። በወረርሽኙ ደም ሰጪ ጠፍቶ ነበር። የተገኘው አልበቃም፤ ከሌላ ስቴት የተላከው ሳይደርስ ሊን አረፈች። እስካሁንም ያንገበግበኛል።

ለቅሶው ላይ አክስቱ እትዬ አመለወርቅ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ጀመሩ።

"ምነው ኪዳኔ? ባል እያለ ሚስት በደም እጦት ትሞታለች? ደምህን ነፈግካት አሉ!"

ንድድ አልኩ። "እትዬ፣ የማያውቁትን ባይናገሩ ምናለበት! ሐኪሙ እኮ..."

ኪዳኔ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝና ጆሮዬ ስር ሹክ አለኝ።

"ተው! በናትህ ተው። ሐሴት ከሰማች 'እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ' ትላለች።"

ሐሴት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እጁን ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ አማርኛ ደግሞ በደንብ ትሰማለች።

"እውነትዎን ነው እትዬ" አለ ኪዳኔ ጮክ ብሎ። "መርፌ ፈርቼ ነው።"

ሐሴት ቀና ብላ አባቷን አየችው። ከዚያ እጇን ከእጁ አወጣች።