በየጣታችን የለካናት መርከብ

ባለፈው ሳምንት የጫማዬ ሶል ተላቆ፣ እዚህ ናይሮቢ ኪሊማኒ መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግቶ የሚሠራው ጫማ ሰፊ ዘንድ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ሰውዬው የማስቲሽ ጣሳውን ክዳን በሚስማር ፈልቅቆ ሲከፍተው ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ደምሴ ትዝ አለኝ። እንባ አልመጣብኝም። ዝም ብሎ ትዝ አለኝ፣ ሰው መንገድ ከጀመረ በኋላ በሩን መቆለፉን እንደሚያስበው ያለ ነገር ነው። ልጻፈው ብዬ ነው እንግዲህ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ወደብ ላይ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የጨመርኩበት የለም፤ አጻጻፌን አይቶ የሚስቅ ይሳቅ።

እኔና ደምሴ በጉብዝናችን አሰብ ላይ በአንዲት የጭነት መርከብ ነበር የምንሠራው፤ እኔ ከኋላ፣ ከታች ሞተር ቤት፣ እሱ ከፊት፣ ከላይ፣ መልሕቅና ገመድ ላይ። መርከቧ ትልቅ አልነበረችም፤ ጨው፣ ቴምር፣ ሲሚንቶ፣ አንዳንዴም በግ ጭና ቀይ ባሕርን የምትመላለስ፣ ጎኗ የተላላጠ፣ ጭስ ማውጫዋ ዘመም ያለ መርከብ ነበረች። ሞተር ቤት የሚሠራ ሰው ባሕር አያይም። እኔ የማየው ቧንቧ፣ የምሰማው የሞተር ጩኸት፣ የሚሸተኝ ናፍጣ ነበር፤ ወደብ መድረሳችንን የማውቀው ሞተሩ ድምፁን ሲቀንስ ነው፤ ያን ጊዜ በኋላ በኩል ባለው መሰላል እወጣና ጥላ ፈልጌ እጋደማለሁ፣ ላቤ ሲደርቅ ተመልሼ እገባለሁ። ከፊት ያሉት እኛን «ጥቀርሻ» ይሉናል፣ እኛ እነሱን «ገመድ ጎታች» እንላቸዋለን፤ እንደ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ልጆች ነበርን፣ አንድ መርከብ ላይ እየኖርን አንዳችን ያንዳችንን ሰፈር አንረግጥም።

ወደቡ ከእጃችን ሲወጣ መርከቧ ይዛን ወጣች፣ ሞምባሳ ደረሰች፣ እዚያ ቆመች፣ ቆማ ዛገች፣ በመጨረሻ ብረት ቆርጠው ለሚሸጡ ሰዎች ተሰጠች። ሌሎቹ ተበተኑ፤ እኔና ደምሴ ናይሮቢ ገባን። እኔ ኪሊማኒ የእትዬ ጥሩነሽ ምግብ ቤት ግቢ ጠባቂና የጄኔሬተር ሰው ሆንኩ፣ ከጓሮ ባለች ክፍል እያደርኩ። እሱ ሩንዳ በሚባል የሀብታም ሰፈር የአንድ ዲፕሎማት ቤት አስካሪ፣ በእኛው ዘበኛ፣ ሆነ፤ በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማታቱ፣ የእነሱን ሚኒባስ ታክሲ፣ ይዞ እኔ ጋ ይመጣል፤ በጓሮው ከሣጥን ጣውላ ትንንሽ ጀልባ እየሠራን እንጫወታለን። የእኛ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይኸው ነበር፤ የሚጠጣ ይጠጣል፣ ካርታ የሚወድ ካርታ ይጫወታል፣ እኛ ጀልባ እንሠራለን።

ዋናው ነገር የመጣው በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህዎቹ ሲጋመሱ አካባቢ ነው። ደምሴ አውስትራሊያ የምትኖር ሰናይት የምትባል ልጅ አለችው፤ ጥሏት ሲወጣ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው። አንድ እሑድ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። የሥራ ጓደኞቿ አባትሽ ምን ነበር ብለው ጠይቀዋት «ዘበኛ ነው» ብላ መለሰች፣ ይህንኑ እየሳቀች ለእሱው ነገረችው።

«እና ዘበኛ አይደለህም እንዴ?» አልኩት።

«አሁን ነኝ። ዕድሜ ልኬን በር ስከፍት የኖርኩ አደረገችኝ እኮ፣ አንተ ጥቀርሻ!»

ልጅቷ እሱን ለመውሰድ ወረቀት ጀምራለት ነበር። እሱም መርከቧን ይዤላት ካልሄድኩ አልሄድም አለ፤ ሙሉዋን፣ ልክ እንደነበረችው፣ «እዚህ ጋ ነበር የምቆመው» ብሎ ሊያሳያት። ፎቶግራፍ የሚባል ነገር የለንም። ሱቅ ውስጥ በካርቶን የታሸገ የፕላስቲክ መርከብ አይተን ነበር፣ ካርቶኑን አገላብጦ አየና «ይቺ የማን ናት?» ብሎ መለሰው። የመርከባችንን ፊት እሱ ያውቃል፣ ኋላዋን እኔ አውቃለሁ። እሱ ከመሄዱ በፊት ሠርተን እናጋጥማት ተባባልን።

ሁለታችንም ፕላን ማንበብ አንችልም። ስለዚህ ከእትዬ ጥሩነሽ ግቢ ጀምረን መርከቧን በእርምጃ ለካናት፤ ደምሴ ዓይኑን ጨፍኖ ከመልሕቁ እስከ ጭነቱ አፍ ይራመዳል፣ እኔ ከዚያ ተቀብዬ እስከ መቅዘፊያዋ እራመዳለሁ፤ ግቢው አልበቃ ብሎ ከበሩ ወጥቼ መንገድ ላይ ስቆም የማታቱ ሾፌር ጡሩንባውን ነፍቶ «ምዜ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ልትሞት ነው?» አለኝ። እኔ ሞተር ቤቴን ሳልጨርስ ንቅንቅ አላልኩም። እትዬ ጥሩነሽ በመስኮት ብቅ ብላ «ጋሼ፣ ባሕሩ ካለቀባችሁ ከባልዲ ልጨምርላችሁ?» አለች፤ ምሳ የሚበሉት ሁሉ ሳቁ። ልኩን ተስማማን፤ አንድ እርምጃ በአንድ ጣት ውፍረት። ወገቧንም እንዲሁ በእርምጃ ቆጥረን ያዝነው።

ከዚያ ወዲያ እሱ ፊቷን ሩንዳ በር ላይ ባለችው የዘበኛ ቤት፣ እኔ ኋላዋን ጓሮ ባለችው ክፍሌ ሠራን። ሁለት ዝናብ አልፎብናል። የሣጥን ጣውላ እሰነጥቃለሁ፣ እፍቃለሁ፣ በዘይት ጣሳ ቆርቆሮ አለብሳለሁ፣ የተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ ለአጥር አደርጋለሁ፤ ማስቲሹ ክፍሏን ሞልቶ ራሴን ያዞረኛል፣ ለሳምንት ወጡም ማስቲሽ ማስቲሽ ይለኛል። ጭስ ማውጫዋን ዘመም አድርጌ ነው ያቆምኩት፤ እትዬ ጥሩነሽ ልታቀናልኝ ስትል እጇን መታሁት። በየእሑዱ ስንገናኝ ሥራውን አንዳችን ላንዳችን አናሳይም፣ ወሬውን ብቻ። እሱ ስለ መልሕቁ ሰንሰለት፣ ስለ ገመድ መጠቅለያው፣ ከፊት ስለምትንጠለጠለው ደወል ያወራል፤ እኔ ስለ ቧንቧዎቼ አወራለሁ። ሁለታችንም ተናጋሪ ነበርን።

የደምሴ ወረቀት አልቆ ቀኑ በተነገረው ሳምንት፣ ፊቷን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ማታቱ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አመጣት። እትዬ ጥሩነሽ ሁለት ጠረጴዛ አጋጥማ ጨርቅ አነጠፈችልን፣ ሠራተኞቹም ከኩሽና ወጥተው ከበቡን። አስጠጋናቸው። የእሱ ወገብ ከእኔ ወገብ ሦስት ጣት ይሰፋል። ቁመቱም እንዲሁ፤ የእሱ መርከብ እንደ ደረጃ ከእኔ በላይ ቆማለች።

እርምጃው ልክ ነበር። ደምሴ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ እኔም ጎኑ ዘረጋሁ። የእሱ ጣት ገመድ ሲጎትት የኖረ፣ እንደ አውራ ጣት የደነደነ ነው። የእኔ በብሎን መሐል ሲሹለከለክ የኖረ፣ ቀጭን። በአገራችን ጨርቅ በክንድ የሚገዛ ሰው ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ገበያ እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የደምሴ እናት እንዲያውም እሱን ነበር ይዛ የምትሄደው። ይህን እያወቅን እያንዳንዳችን በየጣታችን ለካን።

«ከፊት ያረገዘች ናት በሉና ውሰዷት» አለች እትዬ ጥሩነሽ። ማንም አልሳቀም።

«ያንተን አስፋው» አለኝ።

«ያንተን ፋቀው።»

«ጣትህ እኮ የሴት ጣት ነው!»

«ያንተ ደግሞ የጎሽ ቀንድ ነው። ቆጥረን የተነሣነው አንድ ጣት ብለን ነው፣ ጣት ማለት ይሄ ነው።»

መሐል ላይ ሽብልቅ አስገብተን እናያይዛት ያለም ነበር፤ መርከብ አንገት የላትም ብለን ሁለታችንም እምቢ አልን፤ በዚህ ብቻ ተስማማን። እንደገና ይሠራ እንዳይባል ቀን የለም። ብርድ ልብሱን ዘረጋ፣ ፊቷን ጠቀለለ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘሁት፤ ጥቅሉን ታቅፎ ተሰለፈ፣ ዞር ብሎ «ጥቀርሻ» አለኝ፣ «ገመድ ጎታች» አልኩት፤ ገባ። እኔ የማታቱን ሰልፍ ተሰልፌ ተመለስኩ፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ጨርሶ ነበር፣ ሞላሁት። አሁንም ቢሆን የእኔ ጣት ልክ ነበር ባይ ነኝ።

ሰናይት ከዓመታት በኋላ ደወለች፤ በመጀመሪያ እንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ የተሰባበረ አማርኛ። አባቷ ማረፉን ነገረችኝ። የመርከቧ ፊት ሳሎን ተቀምጣ እንደነበረችና ቤት ሲቀይሩ ወድቃ እንደተሰባበረች፣ ደምሴም ስብርባሪውን ራሱ ጠርጎ እንደጣለው ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ሲነግረኝ ልብ አላልኩም፤ አባዬ ግን የት ጋ ነበር የሚቆመው?» አለችኝ። ከፊት አልኳት። «ከፊት የት?» አለች። የስልኩ ካርድ ያለቀ መስሏት ሃሎ ሃሎ ስትል ቆየችና ተዘጋ።

በማግስቱ ጣውላ ገዛሁ። በእኔ ጣት፣ ከእኔ ኋላ ጋር የምትጋጠም ፊት ልሠራና ልልክላት ነው። ጎንና ጎኑን አቆምኩ፣ ወለሉን አለበስኩ፣ ከዚያ መልሕቁ በየትኛው ጎን እንደነበረ ጠፋኝ። ደወሏ ከገመድ መጠቅለያው በፊት ነው ከኋላ? ደምሴ ሁለት ዝናብ ሙሉ እየነገረኝ፣ እኔ የራሴን ቧንቧ ለማውራት ተራዬን ነበር የምጠብቀው፤ ደግሞም እሱ ይሠራታል ብዬ ነው። ያን ሁሉ ዘመን መርከቧ ላይ ስኖር በእግሬ ወደ ፊት ሄጄ የቆምኩበት አንድ ቀን ፈለግሁ፤ የለም። በባሕሩ ዳር ያለፈ ሰው ሁሉ፣ ወደብ ላይ በግ የሚያራግፍ ሁሉ ፊቷን አይቷል። እኔ አላየሁም።

ጣውላውን ለእትዬ ጥሩነሽ ኩሽና ማገዶ ሰጠኋት። ምን ልትሠራበት ነበር አለችኝ፣ ምንም አልኳት። መርከቧ ሞምባሳ ላይ ተቆርጣለች፣ ደምሴ ተቀብሯል፤ ልጅቷ አልፎ አልፎ ትደውላለች፣ ስለ ሞተሩ እነግራታለሁ፣ እሷም በትሕትና ታዳምጠኛለች።