የገበያው ለቅሶ በሰርግ አዳራሽ

ዓለምወርቅ ኢየሩሳሌም ውስጥ የሰርግ ወጥ እየበላች ሳለ የራሷን ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ሰማች። ሙዚቃ አጫዋቹ ከበሮ ጨምሮበታል፤ ልጃገረዶቹ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፤ ሙሽራው ያጨበጭባል። የሚጨፍሩበት ግን ዘፈን አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት የጎረቤቷ የልቅናሽ ልጅ ገበያው ታሞ ሲሞት፣ ሐዘን ቤት ቆማ ያለቀሰችው ሙሾ ነበር። አማርኛ የሚያውቁት ሽማግሎች ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ሰርግ ላይ ሙሾ! ምን ዓይነት ሟርት ነው?» አለ አንደኛው።

ዓለምወርቅ ቀን ቀን በመዋእለ ሕፃናት ወጥ ቤት ትሠራለች። ሰው ሲሞት ግን ከቂርያት ሃዮቨል እስከ መቫሰረት ጽዮን የምትፈለገው እሷ ናት። አልቃሽነቱን ከእናቷ ጋር ከጎንደር ይዛው መጥታለች፤ ሕጉንም እንዲሁ። ለአንዱ ሟች ያለቀሰችውን ለሌላው አትደግመውም። የደገመች ዕለት የሟቹን ለቅሶ ቀምታ ለሌላ ሰጠች ማለት ነው። ልቅናሽ ከፋሲካ ወዲህ ለምን ሰላምታ እንደነሳቻት አሁን ገባት። ይህን ሙሾ ሰምታ ኖሯል!

ተነሥታ አጫዋቹን ያዘችው። «ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከኢንተርኔት ነዋ! ሁሉም እያወረደው ነው። ቆንጆ ነው አይደል?»

ጊዜው ወጣቱ ሁሉ ዘፈን እያወረደ በሲዲ የሚቀባበልበት ነበር። አጫዋቹ፣ ሙሾውን ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠው ያይር የሚባል ተማሪ መሆኑን፣ ኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ ክፍል ተከራይቶ እንደሚኖር ነገራት። ሌላ ሰው ቢሆን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብሎ ይተወው ነበር። ዓለምወርቅ ግን አንዴ ከቆረጠች ቆረጠች ነው። በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች፤ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ማዶ ያለውን ደረጃ ወጥታ በሩን ደበደበች።

ያይር ከፍቶ ሲያያት ደነገጠ፤ በየለቅሶው አይቷታል። እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው፤ አማርኛው እንደ ነገሩ ነው፣ «እርስዎ» ማለትንም ማንም አላስለመደው።

«ዶዳ... አክስቴ ዓለምወርቅ! እኔ ሼክል አልወሰድኩም፣ በሐያይ፣ በሕይወቴ! አጎቴ ለቅሶው ላይ የቀዳው ካሴት ነበር። ይጠፋል ብዬ አስቀመጥኩ። ለሁሉም በነጻ ሰጠሁ።»

«የማንን ነው የሰጠኸው?»

«ያንቺን...?»

«የእኔማ ቢሆን መርቄ እሰጥህ ነበር። የልቅናሽ ነው። እስቲ አሰማኝ።»

ኮምፒውተሩን ከፈተላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና «ስሙስ? ገበያው የት ሄደ?» አለችው።

«እዚያ ጋ ሴቶች ጮኹ። ዜማው ተበላሸ። ቆረጥኩት።»

የቆረጠው ሟቹ በስሙ የሚጠራበትን፣ የማን ልጅ መሆኑ የሚነገርበትን ቦታ ነበር። ልጁ ቃሉን አልሰማውም፤ ጩኸት ብቻ መስሎታል። ስም የሌለው ሙሾ ደግሞ ላገኘው ሁሉ ይሆናል፤ ለሰርግም ሳይቀር። ዓለምወርቅ ልትቆጣው መጥታ ነበር፤ አሁን ግን አሳዘናት።

«አሁን አጠፋዋለሁ» አለ ያይር። «ሰዎች ጋ ያለውን ግን አልችልም።»

«ጫማህን አድርግ። ልቅናሽ ቤት እንሄዳለን፤ የወሰድክባትን ራስህ ትነግራታለህ።»

«ነገ ፈተና አለኝ...»

«አጥና። እጠብቅሃለሁ» አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የእናቱን እኩያ ደጅ አስቀምጦ የሚያጠና የሐበሻ ልጅ ደግሞ ገና አልተወለደም። ጥቂት ቆይቶ ካሴቱን ይዞ ተከተላት።

ልቅናሽ በሩን ከፍታ ዓለምወርቅን ስታይ ፊቷን አዞረች። «የልጄን ለቅሶ ለማን ሰጠሽው? ስሙን አስቀርተሽ ማንን አለቀስሽበት?»

«ማንንም። ይኸው፣ ይህ ልጅ ይንገርሽ።»

ያይር በተሰባበረ አማርኛ፣ እያላበው፣ ምንም ሳይደብቅ ነገራት። ሲጨርስ ልቅናሽ ካሴቱን ከእጁ ወስዳ አሮጌው ቴፕ ውስጥ ከተተችው።

ሙሾው ወጣ። የሴቶቹ ጩኸትም መጣ፤ ከጩኸቱ መሐል የዓለምወርቅ ድምፅ «ገበያው! የልቅናሽ ልጅ! ገበያው!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት» አለች ልቅናሽ።

ዓለምወርቅ ሄዳ አቀፈቻት፤ ሁለቱም አለቀሱ። ያይር የት እንደሚያይ ጠፋው። ቴፑ ሲያበቃ አንገቱን ደፍቶ «ከኢንተርኔት ላጥፋው?» ሲል ጠየቀ።

ልቅናሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ልጄ ቤት መቀመጥ አይወድም ነበር፤ ይዙር» አለች። «ግን ስሙን ይዞ ይዙር።»