ከሴጌቶ ስባሪ የወጣ መርከብ

ባሌ ንጋቱ ቢላዋ የሚመርጠው ሚስት እንደሚያጭ ሰው ነው። ዘሩን ይጠይቃል፣ ጠባዩን ያጠናል። አሰብ ገበያ ውስጥ እሱን ሲያይ የማያዛጋ ባለሱቅ የለም። አንዱን ያነሣል፣ ወደ ብርሃን ያዞራል፣ ስለቱን በጥፍሩ ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋል። ከተንሸራተተ «ይህ ለሽንኩርት ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ከነከሰ ግን ፊቱ ይበራል። እኔ በዚያ ሐሩር ቆሜ «ኧረ በማርያም፣ ቀልጬ አለቅሁ!» እላለሁ። ማን ሰምቶኝ!

ንጋቱ ወደቡ ላይ ስድስት ዓመት ጭነት ሲያወርድ ኖሮ፣ እግሩ ከተሰበረ በኋላ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነ። መርከብ ግን ከልቡ አልወጣም። ከሻይ ሳጥን ሳንቃ ትንንሽ መርከብ ይሠራል፤ መሰላሉ፣ መልሕቁ፣ ክሬኑ ሳይቀር። ለሳንቃው ሰፊ ቢላዋ፣ ለመስኮቶቹ ምላጭ አለው። ለጥቃቅኑ ሥራ ደግሞ ከተሰበረ ሴጌቶ፣ ማለትም ከብረት መጋዝ፣ በድንጋይ ስሎ ያወጣው ቀጭን ቢላዋ አለ። ከሁሉ የሚወደው እሱን ነው። «እጅ የሚቆርጠው የደነዘው ነው፤ ስለታሙ ታዛዥ ነው» ይላል። ምላሴን ማለቱ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁትም።

በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት የሠራተኞች ክበብ በመስተዋት ቁም ሣጥኑ የሚቀመጥ አንድ መርከብ በውድድር ሊመርጥ ሆነ። የወርክሾፑ አለቃ አቶ ኃይለጊዮርጊስም ገባበት። ከጣሊያን ያስመጣው አሥራ ሁለት ስለት ያለው ሳጥን ነበረው። ቤታችን መጥቶ ሴጌቶውን ሲያይ «አቶ ንጋቱ፣ በዚህች ስባሪ ነው ከእኔ ጋር የምትወዳደረው?» ብሎ ሳቀ። ንጋቱ ሳንቃውን መላጉን ቀጠለ። የነደድኩት እኔ ነኝ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ መርከብ የእኔም ሆነ።

የውድድሩ ዋዜማ ጠዋት በኮላ ያጣበቀው ምሰሶ ወደቀ። እንደገና አጣበቀው፤ ወደቀ። መሰላሉም ተከተለ። ንጋቱ መሬት ላይ ቁጭ አለና «ታዱዬ፣ ነገ በሰው ፊት ሊፈርስብኝ ነው። ይቅርብኝ» አለኝ።

ከእጁ የወደቀውን ሴጌቶ ሳነሣ ከጣቴ አሟለጨኝ። የአሰብ አየር ጨው ስለሆነ ብረት በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ስለዚህ ንጋቱ በግምጃ ቤት እንደለመደው በውድድሩ ሰሞን ስለቶቹን ሁሉ ከወትሮው አብዝቶ ግራሶ ቀብቶ ያስቀምጣቸው ነበር። ቅባቱ ከስለቱ ወደ እንጨቱ አልፏል።

«አንተ ሰውዬ! ቅባት የጠጣ እንጨት ኮላ ይይዛል? እኔ የስፌት መኪናዬን ዘይት ስቀባ፣ በቁራጭ ጨርቅ ሳልሞክር የሰው ልብስ አስጠጋለሁ?»

አፍጥጦ አየኝ፣ ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ስለቶቹን በሳሙና አጥቤ በአመድ አሸሁና አደረቅኋቸው። እሱ ቅባት የነካውን የእንጨት ገጽ እየላገ አነሣው። እንደገና አጣበቅን። ፀሐይ ስትገባ መርከቡን ብነቀንቀው አንዲት ስንጥር አልወደቀችም።

በማግሥቱ የክበቡ ሊቀ መንበር ምሰሶውን በጣቱ ገፋ አደረገው። ፍንክች አላለም። ሁለቱን መርከቦች ደጋግሞ አይቶ የንጋቱን ወደ ቁም ሣጥኑ አስገባ። እልል ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ምን አፍራለሁ!

«በምንድን ነው የሠራኸው?» አለው ሊቀ መንበሩ። ንጋቱ ከሸሚዙ ኪስ ሴጌቶውን አወጣ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ተቀብሎ በጥፍሩ ላይ አሳረፈው። ልቡ ትንሽ ሰው አይደለም፣ እውነቱን ልናገር። «ይነክሳል» አለ። «እንዲህ ያለውን ከየት መረጥከው?»

ንጋቱ ወደ እኔ ዞረ። «ቢላዋውንስ ከተጣለ ብረት ላይ ነው ያነሣሁት» አለ። «የመረጥኩት እሷን ነው።»

ያን ቀን እኔ ታደለች፣ አፍ አያርፍላትም የምባለው፣ አፌን የከፈትኩት ለሁለተኛ እልልታ ብቻ ነው።