መድኃኒት የወሰደ ጉድጓድ አይገባም

ሮቤ ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዋናው ድሬሰር አቶ መኩሪያ በመጀመሪያ ያዘዙኝ መርፌ እንድቀቅል ነበር። ፕሪመሱን ለኩሼ፣ መርፌና ሲሪንጁን ቀቅዬ፣ በመቆንጠጫ አውጥቼ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩ። አዩና ክኒን ወደሚታደልበት መስኮት ወሰዱኝ።

«እዚህ ላይ ሰውየው ምን እንዳመመው ብቻ አትጠይቂ» አሉኝ። «ከዚህ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድም ጠይቂ።»

«እሱ ምን ያደርግልኛል፣ ጋሼ?»

«ፈረስ የሚጋልብ አለ፣ ጣራ ላይ የሚወጣ አለ። ለአንዱ እንቅልፍ የሆነው ለሌላው መውደቂያ ነው።»

ያኔ በንጉሡ ጊዜ ነው። ጎባ ሠልጥኜ በረዳት ድሬሰርነት ተመድቤ ነበር። ይህን ለወጣት የጤና ባለሙያዎች የምጽፈው በቀን ጥቂት መስመር እያልኩ ነው። ባለቤቴ ደጀኔ ካረፈ ወዲህ እጄም ሐሳቤም ቀስ ብሏል።

ደጀኔን ያወቅኩት በዚያው መስኮት ነው። ጉድጓድ ጠላቂ ነበር። ሮቤ ውኃ የሚቀዳው ከየግቢው ጉድጓድ ነው፤ በበጋው መጨረሻ ደለሉ መውጣት፣ የወደቀ ባልዲም መፈለግ አለበት። መጀመሪያ ፋኖስ ያወርዳሉ። ፋኖሱ ከጠፋ አየሩ መጥፎ ነውና ማንም አይገባም። ካልጠፋ ጠላቂው ገመድ በብብቱ ሥር ታስሮለት ይወርዳል፤ ትንፋሹን ይዞ ውኃው ውስጥ ይጠልቅና ደለሉን በባልዲ ይሞላል። ላይ ሆኖ ገመዱን የሚይዘው ሁሴን የሚባል ባልደረባው ነበር። ገመዱ አንድ ጊዜ ከተጎተተ ልቀቅ፣ ሁለቴ ከተጎተተ አውጣኝ ማለት ነው።

ያን ቀን ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኖ ነበር።

«ከዚህ ወዴት ነህ?» አልኩት።

«ጉድጓድ።»

«ይህ ክኒን እንቅልፍ ያመጣል። ከዋጥከው ዛሬ ጉድጓድ የለም።»

«እዚያ ታች ማን እንቅልፍ ይወስደዋል? ውኃው እኮ በረዶ ነው።»

«ጆሮህስ? አፍንጫህ ተደፍኖ ስትጠልቅ አያምህም?»

«ኧረ ሊፈነዳ ነው የሚደርሰው።»

«እንግዲያው ክኒኑንም ዋጥ፣ ቤትህም ተኛ።»

ሁሴን ከኋላው ቆሞ ይስቅ ነበር። «ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ይቺ ከሚስትም ትብሳለች!» አለው።

ክኒኑን ዋጠ፣ ቤቱም ተኛ። በዓመቱ ተጋባን።

ደጀኔ ጥሬ ሥጋ ይወድ ስለነበር ኮሶም ይጠጣል። በእኛ ሰፈር ኮሶ የጠጣ ሰው እስኪሽረው ድረስ እህል አይቀምስም፣ ፀሐይ አይመታውም፣ እንግዳ አያይም። መጠጣቱም ለሰው አይነገርም፤ ከተነገረ አይሽርም ይባላል። በሩ ገርበብ ይላል፣ የመጣ ሰው «የለም» ተብሎ ይመለሳል። ክሊኒክ የምሠራ ብሆንም ይህን ደንብ እኔም አከብር ነበር።

አንድ እሑድ ማለዳ ኮሶውን ጠጥቶ ተኛ። ሆዱን እየቆረጠው፣ ላብ እያጠመቀው ሳለ ባለሱቁ ሐጂ አደም ግቢያችን ገቡ። ከጉድጓዳቸው ግማሽ ሰፈር የሚቀዳ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው።

«አካም ቡልተኒ! እንዴት አደራችሁ? ደጀኔ አለ?»

«የለም» ልል አፌን ስከፍት ደጀኔ ከውስጥ «አቤት ሐጂ!» አለ። ሐጂን በውሸት መመለስ አልሆነለትም።

«ልጄ፣ ነገ የልጄ ሰርግ ነው። የጉድጓዱ ግድግዳ ተደርምሶ ውኃው ጭቃ ሆነብኝ። ከጊኒር ድረስ እንግዳ ይመጣል፤ ሩዙን በጭቃ ላስቀቅል?»

«መጣሁ» አለ።

ግድግዳ ይዞ ሲነሣ አየሁት። ከንፈሩ ነጥቷል። ሆዱ ባዶ ነው። ትንፋሹን እንደያዘ እዚያ ታች ቢያዞረው ገመዱን ሁለቴ የሚጎትትበት አቅም አይኖረውም። ሁሴን ደግሞ ላይ ሆኖ ምልክቱን እየጠበቀ ይቆማል።

በሩ መሐል ቆምኩበት።

«ዞር በይ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ለሐጂ ንገራቸው።»

«አብደሻል? ምን ብዬ?»

«ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«በሰው ፊት ልታዋርጂኝ?»

«አዎ» አልኩት። ወደ ግቢው ዞርኩና «ሐጂ፣ ደጀኔ ኮሶ ጠጥቷል! ጉድጓድ ከገባ ይሞትብኛል» አልኳቸው።

ሐጂ አደም ክው አሉ። እኔን አዩ፣ በሩን አዩ። ከዚያ መሬቱን በከዘራቸው መታ አደረጉ።

«ኮሶ ጠጥቶ? የሰርግ ውኃዬ ውስጥ? አስተግፊሩላህ! ደጀኔ፣ አንተ እንኳ ብትተርፍ እንግዶቼስ?»

ከውስጥ ደጀኔ ሲስቅ ሰማሁት። ሳቁ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያቃስታል፣ ደግሞ ይስቃል።

«በል አትውጣ! አደራ፣ ንቅንቅ እንዳትል!» እያሉ ሐጂ ሄዱ።

ያን ቀን የሰፈሩ ሰው ከሻያ ወንዝ በአህያ ውኃ ሲያመላልስ ዋለ። በማግሥቱ ሰርጉም አማረ። ሳቁ ግን ከደጀኔ ቶሎ ለቀቀው፤ ያኑ እሑድ ማታ ፊቱን አዙሮብኝ ተቀመጠ።

«ባይሽረኝ በአንቺ ነበር» አለኝ።

«ሻረህ?»

«ሻረኝ» አለ በቁጣ።

እህል ቀምሶ ጉልበቱ ሲመለስ የሐጂን ጉድጓድ ጠረገ። ታሪኩን ለአቶ መኩሪያ ስነግራቸው ብዙ ሳቁና «ከእንግዲህ መስኮቱ ላይ ኮሶም፣ እንቆቆም፣ ቤት ውስጥ የተቀቀለ ቅጠልም ይጠየቅ» ብለው አዘዙ። ሰዎች መጀመሪያ ያፍሩ ነበር፤ ኋላ ለመዱት። ደጀኔም ሌሎች ጠላቂዎችን ጉድጓዱ አፍ ላይ ያቆምና፣ ሰው እየሰማ፣ «ዛሬ ምን ጠጥተህ መጣህ?» ይላቸው ነበር። የተቆጣ አለ፣ የዋሸም አለ። እውነቱን ተናግሮ ወደ ቤቱ የተመለሰ ግን ብዙ ነው።

ያን እሑድ ቢገባ ይሞት እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ደህና ይወጣ ነበር። እሱ አርጅቶ፣ ዘንድሮ አልጋው ላይ፣ እጄን ይዞ አረፈ። ባዶው ቤት ይከብደኛል፤ አብረን የኖርነው ዘመን ግን ረጅምና መልካም ነበር።

ከሥራዬ የተማርኩት ይህን ነው። ውኃ ውስጥ የሚገባ ሰው መድኃኒት ከወሰደ ይቆይ። ለመናገር ካፈረ አጠገቡ ያለው ሰው ይናገርለት።